ድንጋይ ተሸክሞ ላልመጣ በዳይ

በአገራችን ሁለት ወገኖች ተጣልተው ነገሩ የከበደ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ በዳዩም ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከተበዳዩ ፊት ይቀርባል። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድለትም፤ ቀናም አይልም። ይህን ሥርዓት በዓይኑ ያየ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው፤ ያላየውም ከአባቶቹ ሰምቶታል።

ሥርዓቱ ግን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ በዳዩ መምጣት አለበት። እኛ በዚህ በካኩማ የምንኖር ሰዎች የበደሉን ሰዎች የት እንዳሉ አብዛኛውን ጊዜ አናውቅም። አንዳንዱ ሞቷል። አንዳንዱ በሹመት ላይ ነው። አንዳንዱ እንደኛው ተሰዶ በሰው አገር በሌላ ስም ይኖራል። አንዳንዱ ደግሞ፣ ይህ ከሁሉ ይከብዳል፣ ከእኛው ጋር ከአንድ ቧንቧ ውሃ ይቀዳል። ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ግን የለም። ታዲያ ላልመጣ ሰው ይቅርታ እንዴት ይደረግለታል?

ይህን ጥያቄ ያነሡብን ዓርብ ማታ ለንባብ ስንሰበሰብ ከሚመጡት አንዲት እናት ናቸው። ስማቸውን አንጽፍም፤ የመጡበትንም አገር አንጠቅስም፤ ነገሩ እንዲጻፍ ግን ራሳቸው ፈቅደዋል። ልጃቸው ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ጠቁሞ ያስያዘው ሰው የሠፈራቸው ልጅ፣ ከእጃቸው እንጀራ የበላ ነው። ይኸው ሰው ከጥቂት ወራት በፊት ከአዲስ ገቢዎች ጋር እዚህ ካምፕ ገባ። መጀመሪያ ያዩት በውሃ ወረፋ ላይ ነበር። ያን ዕለት ጄሪካናቸውን ባዶውን ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ቀን ውሃ የሚያመጣላቸው የጎረቤት ልጅ ሆነ። በተከታዩ ዓርብ የምናነበው ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ ያስተማረውን ጸሎት ነበር። በደላችን ይቅር እንዲባልልን የምንለምንበት፣ እኛም ለበደሉን ይቅር እንደምንል የምንናገርበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ «እዚህ ላይ ቁሙልኝ» አሉ። «እኔ ይህን ስጸልይ ለእግዚአብሔር እየዋሸሁ ነው ወይ? ይቅር እንዳልለው አልጠየቀኝም። ይቅር አልልም እንዳልል አፌ በየማታው ይለዋል።»

አንዱ ወንድማችን ቸኩሎ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲል ተረተ። እርሳቸውም ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ሳሉን እኔ አላመጣሁትም፤ ሌላ ሰው ነው የሰጠኝ» አሉት። ከዚያ በኋላ ለመናገር የደፈረ አልነበረም። ከዚህ በታች የምንጽፈው ከዚያ ዓርብ ወዲህ ስንነጋገር ያገኘነውን ነው። በሁሉም ነገር ተስማምተናል አንልም።

ከቃሉ እንነሣ። «ይቅር» ስንል «ቀረ» ከሚለው ግሥ ነው። ወደ ኋላ ይቅር፣ አይከተለኝ ማለት ነው። እኛ ስንሰደድ ብዙ ነገር ቀርቶብናል፤ ቤት ቀርቷል፣ ያልታጨደ እህል ቀርቷል፣ የታመመ አባት ቀርቷል። ይህ ሁሉ በግድ የቀረ ነው። በበረሃው ሁሉ ተከትሎን መጥቶ፣ የዩ.ኤን. ምዝገባ ሳይጠይቅ አብሮን የገባው ግን በደሉ ነው። «ይቅር» የሚለው ቃል ይህን አንዱን ነገር በፈቃዳችን እንድናስቀረው ይጠይቀናል። ልብ በሉ፤ ቃሉ «አልተደረገም» አይልም። «ትንሽ ነገር ነው» አይልም። «ይረሳ»ም አይልም። የሚቀር ነገር ያለ ነገር ነውና።

ሁለተኛም ቃል አለን። ካህን ንስሐ ለገባ ሰው የሚናዝዘው «እግዚአብሔር ይፍታህ» ብሎ ነው። ሰው ከወህኒ ሲወጣም «ተፈታ» እንላለን። አንድ ግሥ ነው። አባቶቻችን በደልን እንደ ገመድ ያዩት ነበር ማለት ነው፤ በደለኛው በበደሉ ይታሰራል፤ የተበደለውም በቂሙ ይታሰራል፤ ገመዱ አንድ ሆኖ ሁለቱን ጫፎቹን ሁለት ሰዎች ይዘውታል። (የወሎ እስላም ጎረቤቶቻችን በዚህ ቦታ «አፉ በለኝ» ይላሉ። ቃሉ ከዐረብ የመጣ ነው፤ ሲናገሩት ግን የእኛኑ «ይቅር በለኝ» ያህል ልብ ያለዝባል።)

ነገር ግን ሽማግሌዎቹ «ይቅር» ብለው አያቆሙም፤ «ለእግዚአብሔር» ይጨምሩበታል። በእኛ አስተያየት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚህ በሁለተኛው ቃል ላይ ነው። በደሉ ሜዳ ላይ አይጣልም፤ ለአንድ ለታወቀ ዳኛ ይሰጣል። እዚህ ካምፕ ውስጥ ሁላችንም ስለ ፋይል እናውቃለን። ፋይላችን በእጃችን ሳለ ማንም አያየውም፤ ለሚመለከተው ክፍል ከሰጠነው በኋላ ግን በየቀኑ ይዘነው አንዞርም። ይቅርታ ማለት የክስ ፋይላችንን ለእግዚአብሔር ማስረከብ ነው። ፍርዱን መተው አይደለም፤ ፈራጅነቱን መተው ነው። ዳኛ እንዳለ የማያምን ሰው ይህን ማድረግ እንዴት እንደሚችል አናውቅም፤ ለእርሱ ይቅርታ ሽንፈት ብቻ ሊመስለው ይችላል። በእግዚአብሔር መታመንና ይቅር ማለት አንድ ላይ የሚሄዱት ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሳናነሣ የማናልፈው አንድ ልማድ አለ። ብዙዎቻችን «እኔስ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ» እንላለን። ቃሉ መልካም ይመስላል። በአገራችን ሰው ይህን ሲል ግን ብዙ ጊዜ መርገሙ ነው፤ «እግዜር የእጁን ይስጠው» ማለቱ ነው። ከሰጠም በኋላ በየሳምንቱ እየሄደ ይጠይቃል፤ ያ ሰው ታመመ? ንብረቱ ጠፋ? ልጁ አበደ? ደኅና ነው ሲሉት ያዝናል። እንዲህ ያለው ሰው ፋይሉን አላስረከበም፤ እግዚአብሔርን ገራፊ አድርጎ ቀጥሮ የሥራውን ውጤት እየተቆጣጠረ ነው። እኚያ እናት ይህን ስንናገር ስቀው፣ «እኔን ነው የምትሉት» አሉን። ስንት ጊዜ ቢሆን ከዚያ በፊት ሲስቁ አላየናቸውም ነበር።

ወደ ወንጌሉ ስንሄድ፣ ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ በጠየቀ ጊዜ ጌታችን የመለሰለት በዕዳ ምሳሌ ነው። በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ይገኛል። የጌታ ጸሎት ራሱ በማቴዎስ በተጻፈበት በጽርዕ ቋንቋ ቃሉ «ዕዳ» ነው፤ የእኛ መጽሐፍ «በደል» ብሎ ተርጉሞታል። ዕዳን ደግሞ እኛ እናውቀዋለን። በዚህ ካምፕ በሱቅ ደብተር ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ጥቂት ነው፤ ዱቤ ያልበላ ማን አለ?

ምሳሌው እንዲህ ነው፤ አንድ ባሪያ ለንጉሡ እልፍ መክሊት ዕዳ ነበረበት፤ ንጉሡ ማረው። ባሪያው ወጥቶ መቶ ዲናር ያበደረውን ጓደኛውን አንቆ ያዘውና አሳሰረው። ከእኛ መካከል ሒሳብ የሚወድ አንድ ወጣት አለ፤ በከሰል ግድግዳ ላይ ጽፎ አሳየን። ዲናር በዚያን ዘመን የአንድ ቀን የሠራተኛ ደመወዝ ነበር። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው። እልፍ ማለት 10,000 ነውና ዕዳው 60,000,000 የሥራ ቀን ይሆናል። በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ሰው ይህን ለመክፈል 200,000 ዓመት ያስፈልገዋል። ሰባኪዎች ሁሉ የሚነግሩን ይህንን ወገን ነው፤ እውነትም ነው፤ በእግዚአብሔር ፊት ያለብን ዕዳ የማይከፈል ነው።

ወጣቱ ግን ወደ ሌላኛው ወገን ዞሮ፣ «መቶ ዲናርስ ትንሽ ነው እንዴ?» አለን። መቶ ዲናር የመቶ ቀን ደመወዝ ነው። ከሦስት ወር የበለጠ ላብ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ሠርቶ የተቀማ ሰው ምን ያህል እንደሚቃጠል እንዲነግሩን የቀን ሠራተኞቻችንን መጠየቅ ይበቃል። ጌታ «በአንተ ላይ የተደረገው ከምንም አይቆጠርም» ለማለት ቢፈልግ ኖሮ አንድ ዲናር ወይም ግማሽ ዲናር ባለ ነበር። መቶ አለ። በደላችንን ቆጥሮታል፤ መጠኑን ያውቃል፤ ካወቀው በኋላ ነው ተው ያለን። እኚያ እናት ከሁሉ ይልቅ ያጽናናቸው ይህ እንደ ሆነ ነግረውናል። እስከዚያ ድረስ ይቅር ማለት የልጃቸውን ነፍስ በርካሽ መሸጥ ይመስላቸው ነበር።

አሁን ከእኛ ብዙ ስላልራቀ ሰው እናውራ። ከዚህ ከቱርካና ወደ ምዕራብ ድንበሩን የተሻገረ ሰው ኡጋንዳ ይገባል። በ1969 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን 1977 መሆኑ ነው፣ በዚያች አገር ኢዲ አሚን ይገዛ ነበር። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት የሚፈጸመውን ግድያ የሚቃወም ደብዳቤ ለፕሬዚደንቱ ጻፉ። በየካቲት 9 ቀን ሊቀ ጳጳሱ ጃናኒ ሉዉም ከሁለት ሚኒስትሮች ጋር ተያዙና ተገደሉ፤ መንግሥት በመኪና አደጋ ሞቱ ብሎ አስነገረ። ደብዳቤውን ከፈረሙት አንዱ የኪጌዚው ጳጳስ ፌስቶ ኪቬንጄሬ ነበሩ። ቀጥሎ የሚፈለጉት እርሳቸው መሆናቸው ሲነገራቸው ከባለቤታቸው ጋር በሌሊት በእግራቸው ተራራ ወጥተው ወደ ሩዋንዳ ተሻገሩ። ስደተኛ ሆኑ፤ ሌሊቱንም ተራራውንም የምናውቅ እኛ ስለሆንን ይህን ማብራራት አያስፈልገንም።

እኚህ ጳጳስ በምሥራቅ አፍሪካ መነቃቃት ውስጥ ያደጉ፣ ስለ ፍቅር በየአገሩ የሰበኩ ሰው ነበሩ። ሆኖም ራሳቸው እንደጻፉት፣ ከተሰደዱ በኋላ በአሚን ላይ ያላቸው ምሬት በልባቸው ውስጥ እየደነደነ ሄደ። በዚያው ዓመት በስቅለት ዕለት ለንደን ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጠው ሳለ፣ ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ ለሰቀሉት ሰዎች የለመነውን ልመና ያሰላስሉ ነበር። ከሰቃዮቹ አንዱ እንኳ ይቅርታ አልጠየቀም። ድንጋይ የተሸከመ አልነበረም፤ መዶሻ እንጂ። ለእነዚያ የተለመነ ልመና ለአሚንም ሊለመን እንደሚገባ ያን ጊዜ ተረዱ። በዚያው ዓመትም «ኢዲ አሚንን እወደዋለሁ» የሚል ርእስ ያለው ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ርእሱ ብዙ ሰው ያስቆጣ ዓይነት ነው። በነገራችን ላይ፣ በ1969 ዓ.ም. የእኛና የምዕራባውያኑ ትንሣኤ በአንድ ቀን ነበር የዋለው። እርሳቸው ለንደን በተቀመጡበት በመጋቢት 30 ቀን አባቶቻችንና እናቶቻችን በአዲስ አበባ አድባራት ሲሰግዱ ዋሉ ማለት ነው፤ የቀይ ሽብር ዘመን ነበርና ከሰጋጆቹ ስንቱ ልጁን ቀብሮ ወይም መቅበር ተከልክሎ እንደ ሰገደ እግዚአብሔር ያውቃል።

ኪቬንጄሬ ይቅር ካሉ በኋላ ዝም አላሉም። በየአገሩ እየዞሩ አሚን የሚሠራውን ሥራ መመስከራቸውን ቀጠሉ። አሚን በ1971 ዓ.ም. ሲወድቅ ወደ አገራቸው ተመለሱና በ1980 ዓ.ም. ዐረፉ። አሚን ግን ለፍርድ ሳይቀርብ እስከ 1995 ዓ.ም. በሳውዲ ዐረቢያ ኖሮ እዚያው ሞተ። እንግዲህ ቁጠሩት። ጳጳሱ «በዳዬ ድንጋይ ተሸክሞ ይምጣ» ብለው ቢጠብቁ ኖሮ እየጠበቁ ሞተው፣ ከሞቱም በኋላ 15 ዓመት በጠበቁ ነበር።

ከእኛ አንዱ፣ ወንድሙን ያጣ ወጣት፣ በዚህ ታሪክ አልረካም። «እግዚአብሔር ፋይሉን ይቀበላል ትላላችሁ፤ ወንድሜ ሲወሰድ የት ነበር?» ሲል ጠየቀ። ይህን ጥያቄ በስብከት ልንዘጋው አልፈለግንም። ያልነው ይህን ብቻ ነው፤ በየቀኑ የሚደገመውን ዳዊት ክፈትና አንብብ። ከ150ው መዝሙር እጅግ ብዙው አቤቱታ ነው፤ «ለምን ራቅህ?»፣ «እስከ መቼ?» የሚል መንፈስ ያለበት ነው፤ አንዳንዱም ከእኛ ይልቅ ጨክኖ በጠላቱ ላይ ፍርድ ይጠራል። ቤተ ክርስቲያን ይህን ቆርጣ አልጣለችውም፤ በጸሎት መጽሐፍነት ለሕፃናት አስተማረችው እንጂ። በእግዚአብሔር መታመን ማለት አለማጉረምረም የሚመስላቸው ተሳስተዋል። የማይታመኑበትን ዳኛ ማን አቤት ይለዋል? ወጣቱ አሁንም ይጠይቃል፤ ዓርብ ዓርብም አይቀርም።

ሌላው ያከራከረን፣ ይቅር ያልነውን ሰው እንደ ቀድሞው እንመነው ወይ የሚለው ነው። በዚህ ላይ የዮሴፍን ታሪክ በሦስት ዓርብ አነበብን። ዮሴፍ ሲሸጥ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞልቶታል። ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አልፈው ከራቡም ሁለት ዓመት ሲቆጠር ነው ወንድሞቹ ያወቁት፤ ስለዚህ በደሉ 22 ዓመት ያህል ሆኖታል። ወንድሞቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ በጥጋቡ ዘመን፣ የመጀመሪያ ልጁን ምናሴ ብሎ ጠራው፤ እግዚአብሔር መከራዬንና የአባቴን ቤት አስረሳኝ ለማለት ነው። ነገር ግን ይህን ስም ያወጣው ሰው ወንድሞቹን ባየ ጊዜ ዘወር ብሎ አለቀሰ። ስሙን አውጥቶ ነበር እንጂ አልረሳም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረታችን በዮሴፍም ሠርቷል። ይቅር ለማለት መርሳት ያስፈልጋል የሚሉን ሰዎች ይህን ምዕራፍ ደግመው ያንብቡት።

ደግሞም ዮሴፍ ወዲያው አላመናቸውም። ስምዖንን አስቀረ፤ ብንያምን እንዲያመጡ አዘዘ፤ ጽዋውን በብንያም ስልቻ አስደበቀ። ያን ጊዜ ይሁዳ፣ «በወንድሜ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ብሎ ሲቀርብ፣ አንዱን ወንድማቸውን የሸጡት ሰዎች ሁለተኛውን እንደማይሸጡት ዮሴፍ አየ። እህሉን የሰጣቸው ቀደም ብሎ ነው፤ ልቡን የገለጠላቸው ግን ከዚህ በኋላ ነው። እህል መስጠትና ልብ መግለጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደ ሆኑ ከዚህ ተምረናል። ያስያዘንን ሰው እንዳይራብ መመኘት እንችላለን፤ የቤታችንን ቁልፍ መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጊዜና ምልክት ይፈልጋል።

ከሁሉም የገረመን መጨረሻው ነው። ያዕቆብ በግብፅ 17 ዓመት ኖሮ ሞተ። በእነዚያ 17 ዓመታት ዮሴፍ ወንድሞቹን መግቧቸዋል። አባታቸው እንደ ተቀበረ ግን ወንድሞቹ «አሁን ይበቀለናል» ብለው ተንቀጠቀጡና መልእክት ላኩበት። ዮሴፍም አለቀሰ። እርሱ ከተፈታ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እነርሱ ግን 17 ዓመት ሙሉ እንጀራውን እየበሉ ታስረው ኖረዋል። የመለሰላቸውም እርሱ በእግዚአብሔር ቦታ አለመሆኑን ነው። ፋይሉ እኔ ጋ የለም ማለቱ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር እንምጣ፤ ይቅር ያለ ሰው ስለተፈጸመው ወንጀል መመስከር ይችላል ወይ? አንዳንድ ወገኖች፣ «ይቅር ካልሽ ምን ክስ አለሽ?» ሲሉ እኚያን እናት ገሥጸዋቸዋል። እኛ ይህን አንቀበልም። በ1971 ዓ.ም. ክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ደርግ የመካነ ኢየሱስን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳንና ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በየተራ በስውር ገደላቸው። የት እንደ ተቀበሩ እንኳ ለ13 ዓመት ያህል አልተነገረም፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። የሚያውቁት ሰዎች በመጨረሻ ባይናገሩ ኖሮ ዛሬም ያለ መቃብር በሆኑ ነበር። ምስክርነት ለሟች የሚደረግ የመጨረሻ አገልግሎት ነው፤ ከቀብር አይለይም።

ደግሞ መንግሥት የሚያደርገው ይቅርታና የተበዳይ ይቅርታ አይምታቱብን። በ2000 ዓ.ም. ሞት የተፈረደባቸው የደርግ ባለ ሥልጣናት በሃይማኖት አባቶች አማላጅነት በ2003 ዓ.ም. ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 መጀመሪያም ከእነርሱ ብዙዎቹ ወጡ። ልጅ የሞተባቸው ቤተሰቦች ሁሉ ይህን በአንድ ልብ አልተቀበሉትም። አንፈርድባቸውም። መንግሥት የራሱን እስር ሊፈታ ይችላል፤ የእናት ልብ ግን በእናት እጅ ነው፤ በአዋጅ አይፈታም። በ2016 ዓ.ም. በአገራችን የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ መጽደቁን ሰምተናል። ነገ እኛንም የሚጠይቀን ቢመጣ፣ ይቅር ያለውም ያላለውም ያየውን በትክክል ይናገር። እንዲያውም ይቅር ያለ ሰው የተሻለ ምስክር ይመስለናል፤ መጨመር አያምረውም።

እኚህ እናት እንዲህ አድርገዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አንዳችን ቤት መጡና ስለ ልጃቸው የሚያውቁትን ሁሉ አስጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ልጁ ለብሶት የነበረውን ሹራብ ቀለም ጭምር። የሰውየው ስም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ቀጥለውም፣ «ስሙን አስተካክላችሁ ጻፉት። ነገር ግን መታኝ ብላችሁ አትጻፉ፤ አልመታኝም። ከተወሰደ በኋላም ማታ መጥቶ እንዳለቀሰ ጻፉ፤ እውነት ነውና» አሉ። ጽፈን ስናነብላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። ወረቀቱ በታመነ ሰው እጅ ተቀምጧል።

በማግስቱ ጄሪካናቸውን ራሳቸው ይዘው ወደ ቧንቧው ሄዱ። ሰላም አላሉትም። እርሱም ቀና ብሎ አላያቸውም። በሌላ ቀን ግን ወረፋው ተዛብቶ ጎረምሶች ሲገፉት፣ «ተዉት፣ ተራው ነው» ብለው ሲናገሩ የሰሙ አሉ። እኛ ይህን ትንሽ አንለውም። እንዴት እንደ ሆነላቸው በጠየቅናቸው ጊዜ፣ «ባየሁት ቁጥር እንደገና ይመጣብኛል፤ እንደገና እሰጠዋለሁ» ብለው መለሱ። ያን ጊዜ ጌታ ለጴጥሮስ ሰባ ጊዜ ሰባት ያለውን በሌላ መንገድ አየነው። እስከዚያ ድረስ 490 የተለያየ በደል ይመስለን ነበር። ለካ አንዱ በደል ብቻውን 490 ማለዳ ሊመጣ ይችላል!

ገና ያልቻላችሁ ወገኖች በዚህ ጽሑፍ እንዳትጨነቁ እንለምናለን። ሽማግሌዎችና አገልጋዮችም ደሙ ያልደረቀለትን ሰው «ቶሎ በል፣ ይቅር በል» እያላችሁ አትወትውቱት፤ በአገራችን እንኳ ደመኛን ለማስታረቅ የሚቀመጥ ሽማግሌ ስንት ጊዜ ተመላልሶ፣ ስንት ቀን ደጅ ጠንቶ ነበር! ሌላው ቢያቅተው «ጌታ ሆይ፣ ይቅር ለማለት አልፈለግሁም፤ እንድፈልግ አድርገኝ» ብሎ መጸለይ ይችላል። ይህን እንኳ ያልቻለ አጠገባችን ይቀመጥ፤ እርሱ ዝም ሲል እኛ እንጸልይለታለን።

የምንሰበሰበው እንደ ወትሮው ዓርብ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፤ ኦርቶዶክሱም ወንጌላዊውም ይመጣል። በጻፍነው የማይስማማ ካለ መልሱን ጽፎ ይላክልን፤ በሚቀጥለው እንደ ወረደ እናወጣዋለን፤ ወረቀት የሌለው ከእኛ ይወስዳል። በእጅ የተገለበጠው ሦስት ቅጂ ብቻ ስለሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከሁለት ቀን በላይ ሳታቆዩ ለሚቀጥለው ቤት አሳልፉ። ባለፈው ጊዜ አንዱ ቅጂ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ ተገኝቷል፤ ማን እንዳደረገው አንጠይቅም።